አማቴን ጭኜ ሐኪም ጋራን ስወጣ

ብስክሌት መግዛቴን የሰማ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት ማርሽ አለው?" የሚል ነው። "ሦስት" እላለሁ። ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ ያያል። የተደራረበ ጥርስ የለም። ሰንሰለቱን ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው የሚወረውረው፣ በሌሎች ብስክሌቶች ላይ እንደ ጉትቻ ተንጠልጥሎ የሚታየው ብረትም የለም። አንድ ጥርስ፣ አንድ ሰንሰለት፣ የጎማው መሀል ላይ ደግሞ ወፈር ያለ ድብልብል ብረት። ቀና ይልና ፊቴን ያያል።

"ማርሹ የታለ?"

"ውስጥ ነው።"

"የምን ውስጥ?"

"እዚያ ድብልብሉ ውስጥ። ሆዱ ውስጥ በለው።"

ከዚህ በኋላ ዝም ይላል። ሰው የተታለለ ዘመዱን አይቶ ምን ብሎ እንደሚያጽናናው ሲጠፋው ዝም እንደሚለው ዓይነት ዝምታ ነው።

ግን ስሙኝማ፣ አልተታለልኩም። ቤቴ ሐረር፣ ጀጎል የሚባለው የድሮው ግንብ ውስጥ፣ ኤረር በር አጠገብ ነው፤ ቢሮዬ ከግንቡ ውጪ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ። ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጁ ሁሉ ሰልፍ ላይ ማደር ከጀመረ ወዲህ ብስክሌት ለኔ ቅንጦት አይደለም። የቀድሞዋ ብስክሌቴ ማርሿ ውጪ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከምሳ በኋላ የሐረር መንገድ ምን እንደሚለብስ የሚያውቅ ያውቃል፤ ቅጠሉ ተበልቶ የተጣለ የጫት እንጨት፣ ገረባ የምንለው፣ ዳር እስከ ዳር ይነጠፋል። ያቺ ብስክሌት ገረባ ካየች አታልፍም፤ እንደ ፍየል ነበረች። በየመቶ ሜትሩ ወርጄ ከጥርሷ ውስጥ እንጨት እለቅማለሁ። አዲሷ ግን አፏ ዝግ ነው። ገረባ አትበላም፣ አቧራ አይገባትም፣ ዝናብ አያበላሻትም። ደግሞም ቆማ ሳለች ማርሽ ይቀየራል፤ ዳገት ሥር ድንገት ብትቆሙ ሳትንቀሳቀሱ ወደ ቀላሉ ማርሽ መልሳችሁ ትነሳላችሁ። ፍሬኗም እዚያው ሆዷ ውስጥ ነው፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጡ ጎማው ይያዛል።

አንድ ጉድ ብቻ አላት። ማርሹን የሚጎትተው ሽቦ ትንሽ ከላላ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መሀል አንድ ስም የሌለው ቦታ አለ። እዚያ ከገባች ፔዳሉ በባዶ ይሽከረከራል። ወደ ፊት ብትረግጡ ምንም፤ ወደ ኋላ ብትረግጡም ምንም። ማለትም ጉልበትም የለም፣ ፍሬንም የለም። ውጪ የተንጠለጠለ ማርሽ ሲታመም ይንኳኳል፣ ይጮኻል። ይኼኛው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ጨዋ ነው።

አማቴ አው ዩሱፍ ስለዚች ብስክሌት የተናገሩት አንድ ቀን ብቻ ነው። "አው" ትልቅ ሰው የምናከብርበት ነው፤ እሳቸው ደግሞ ቁመታቸውም ጢማቸውም ያስከብራል። ዞር ዞር ብለው አዩና በከዘራቸው ድብልብሉን ነካ አደረጉት። "የማይታይ ነገር አምናለሁ" አሉ፤ "አላህን፣ መላእክትን፣ የመጨረሻውን ቀን። የብስክሌት ማርሽ ግን ከነዚህ ጋር ተቆጥሮ አልሰማሁም።"

በቃ። ከዚያ ወዲያ ብስክሌቷ በአጠገባቸው ስታልፍ እንኳ ዓይናቸውን ያዞራሉ።

የማወራችሁ ነገር የደረሰው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አው ዩሱፍ እኛው ጋር ነው የሚኖሩት። ገና ቁርስ ሳንበላ የባለቤቴ የነጃት ስልክ ጮኸ። አነሳች። ሰማች። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች።

"ፈቲያ ናት" አለችኝ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና፤ "ሐጂ ሙሜ ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ ከብደዋል። ዓይናቸውን በከፈቱ ቁጥር 'ዩሱፍ አልመጣም?' ይላሉ አለች።"

ሐጂ ሙሜ ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። ሐኪም ጋራ ላይ የሚኖሩ ገበሬም ነጋዴም የሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ፈቲያ ልጃቸው ናት። ከአው ዩሱፍ ጋር ከልጅነት ጀምሮ አንድ ነፍስ ነበሩ። ነጃትን ልጠይቅ ወደ አው ዩሱፍ ሽማግሌ የላክሁት ሐጂ ሙሜን ነው። ሄዱ፤ ተነጋገሩ፤ ነጃት ተሰጠችኝ። ግን በዚያው ቀን ሁለቱ ጓደኛሞች ተኳረፉ። ከሰርጋችን ወዲህ አንድ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ምን እንደተባባሉ ማንም አልነገረንም። ነጃት ግን "በኔ የተነሳ ነው" እያለች ኢድ በመጣ ቁጥር ታለቅሳለች፤ ኢድ ደግሞ በዓመት ሁለቴ ነው።

አው ዩሱፍ ነገሩን ሲሰሙ ወደ ጓዳ ገቡ፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለበሱ፣ ጥምጣማቸውን አሰሩ፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

"ባጃጅ ጥራ" አሉኝ።

ሮጥሁ። ባጃጆቹ ነበሩ፤ ሞልተዋል፤ ግን ማደያው ሰልፍ ላይ ተደርድረው እንደ ሞተ አባጨጓሬ ተጋድመዋል። አንዱን ሹፌር ቀሰቀስሁት። "ወንድሜ፣ ሰው ሊሞት ነው" አልኩት። "እኔም ቤንዚን ከጠበቅሁ ሞቻለሁ" አለና መልሶ ተኛ። ሚኒባስ የለም። የጎረቤታችን አህያ ጭነት ይዛ ማለዳ ወጥታለች። ስመለስ አው ዩሱፍ "በእግሬ እሄዳለሁ" ብለው ተነስተው ነበር። ጉልበታቸው ከቤት መስጊድ ለመድረስ እንኳ ሁለት ቦታ ያሳርፋቸዋል። የሰፈሩ ጥግ ድረስ ሄዱና ግንቡን ይዘው ቆሙ። ጀርባቸው ብቻ ይታየናል። ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል።

ነጃት አባቷን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ብስክሌቷን አየች።

"አይሆንም" አልኩ።

"አይሆንም" አሉ አው ዩሱፍ ከዚያው ሆነው፤ እንዴት እንደገባቸው አላህ ይወቅ። እኔና አማቴ በአንድ ጊዜ አንድ ሐሳብ ስናስብ ያ የመጀመሪያችን ነው።

"አባ" አለች ነጃት። ድምጿ ቀጭን ነበር። "ቢሞቱስ?"

ብርድ ልብስ አጥፈን የኋላው መጫኛ ላይ አሰርን። መጀመሪያ እንደ ሙሽራ በጎን ተቀመጡ፤ ብስክሌቷ ወደዚያ ተንጋደደች። ወረዱ። ጀለቢያቸውን ሰብስበው እንደ በቅሎ በግራና በቀኝ አንፈራጠው ተቀመጡ። ከዘራውን በአንድ እጃቸው፣ የኔን ቀበቶ በሌላው እጃቸው ያዙ። እግራቸው ረጅም ስለሆነ መሬት ይነካል፤ ከፍ አድርገው ሲይዙት ጉልበታቸው የኔን ወገብ ይወጋል።

"በማይታይ በኩል ውሰደኝ" አሉ።

ጀጎል ውስጥ በማይታይ በኩል? መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍ፤ በየበሩ ሰው አለ። "ቢስሚላህ" ብዬ ተነሳሁ። ድንጋዩ ያነጥረናል። ሰው ሁሉ ደንግጦ ይቆምና ሰላም ይላል። አው ዩሱፍ ደግሞ ልክ በመኪና መስኮት እንደሚያልፍ ባለሥልጣን "ወአለይኩሙ ሰላም" እያሉ ይመልሳሉ፤ በመሀል ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ይሉና "ቀስ በል፣ አንተ ልጅ!" ይላሉ።

ወደ ኤረር በር የሚወርደው መተላለፊያ ቁልቁል መሆኑን አውቃለሁ። በየቀኑ እሄድበታለሁ። በየቀኑ ግን አማት አልጭንም። ክብደታቸው ከኋላ ሲገፋን ፍጥነቱ ጨመረ። ፔዳሉን ወደ ኋላ ረገጥሁ፤ ያዘ። ጥሩ። እዚህ ላይ ነው ብልጥነት የመጣብኝ። ታች ስንደርስ ለሜዳው እንዲያመቸኝ አስቀድሜ ማርሹን ልቀይር አልኩ። መሪው ላይ ያለችውን እጀታ ገፋ አደረግኋት።

ቀጭ አለች። ከዚያ ዝም አለች።

ወደ ኋላ ረገጥሁ። እግሬ ዞረ። ምንም የለም። ወደ ፊት ረገጥሁ። ምንም። ያ ስም የሌለው ቦታ ገብታለች።  የፊት ፍሬኑን ጨበጥሁ፤ ላስቲኩ ካለቀ ቆይቷል፤ ጮኸ እንጂ አልያዘም።

"ቀስ በል አልኩህ!"

"አባ፣ ፍሬኑ..."

"ምን ሆነ?"

"የለም!"

ከኋላዬ "ላ ኢላሀ ኢለላህ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የቁጣ አልነበረም፤ የሚሞት ሰው የሚላት ናት። እኔም አልኩት። ፊት ለፊታችን መተላለፊያው አልቆ ገበያው ይጀምራል። አንዲት ሴት ሳምቡሳ ትጠብሳለች፤ ዘይቱ ይፍለቀለቃል፤ ምጣዱ በቀጥታ በጎማችን አቅጣጫ ነው። በግራዋ ቲማቲም ዘርግተው የተቀመጡ ሴቶች አሉ። በቀኟ የግንቡ ድንጋይ። በግንቡና በሳምቡሳዋ መሀል ደግሞ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ለፍየል የተከመረ ገረባ፤ ላዩ ላይ ፍየሎች ይበላሉ።

አማቴ ጮኹ እንዳልላችሁ፤ ማን እንደጮኸ አላስታውስም። መሪውን ጠመዘዝሁት። ሳምቡሳዋ ሴት ምጣዱን በጆሮው ይዛ ዞረች፤ የዘይቱ ሙቀት እግሬን ገረፈኝ። ከዚያ ገረባ ውስጥ ነበርን። አንድ ፍየል በላዬ ዘላ አለፈች።

ቀና ስል አው ዩሱፍ የሉም።  ነጃትን ምን ልላት ነው? አባትሽን ለማስታረቅ ይዣቸው ወጣሁና... ክምሩ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ከዘራው ወጣ፤ ቀጥሎ ጥምጣሙ፤ በመጨረሻ አማቴ፤ ጢማቸው ላይ ገረባ እንደ ጌጥ ተሰክቶ።

"ተጎዱ አባ?"

"ሙሜ ዘንድ ደርሰናል?" አሉኝ።

"አልደረስንም።"

"ታዲያ ምን ቆመሃል?"

ሰው ተሰበሰበ። "ያ ረቢ! ትልቅ ሰው እንደ ጆንያ ይጫናል?" አለች ሳምቡሳዋ ሴት፤ ግን ለአው ዩሱፍ ውኃ ያቀረበችው እሷው ናት። አንድ ጎረምሳ ስልኩን ደቅኖ ይቀርጻል። ሌላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ "አው ዩሱፍ ከብስክሌት ወድቀው..." ሲል ሰማሁት። ቀሪውን አልሰማሁም፤ እኔ ከጎማው ጋር ነኝ።

ድብልብሉ ውስጥ ገብቶ ማርሹን የሚጎትት ቀጭን ሰንሰለት አለ፤ እሱን ከሽቦው ጋር የምታያይዝ ጣት የማታክል ማጥበቂያ አለች። ማጥበቅ ነበረብኝ። አዞርኳት፤ ይበልጥ ላላች። በተቃራኒው አዞርኳት፤ ከነጭራሹ ወልቃ ገረባው ውስጥ ገባች። እስቲ ገረባ ውስጥ ማጥበቂያ ፈልጉ!

በዚህ መሀል የነጃት ስልክ። "የት ደረሳችሁ? ፈቲያ እያለቀሰች ነው፣ ፍጠኑ!"

"ደርሰናል" አልኩ። ዋሸሁ፤ አላህ አፉ ይበለኝ፣ ይቅር ይበለኝ።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያቺ ቀጭን ሰንሰለት እስከ መጨረሻው ተጎትታ ከተያዘች ብስክሌቷ በቀላሉ ማርሽ ላይ ትቆያለች። ለዳገት የሚያስፈልገኝ እሱ ብቻ ነው። ፍሬኑም በዚያ ማርሽ ላይ ይሠራል። ከመሬት የጫት ማሰሪያ ገመድ አነሳሁ፤ ሰንሰለቷን ወደ ፊት ጎትቼ ከብስክሌቷ አካል ጋር ጠፍሬ አሰርኳት። ፔዳሉን ረገጥሁ። ያዘ።

"ይውጡ አባ።"

አማቴ ብስክሌቷን አዩ። ከዚያ ወደ ደቡብ ቀና ብለው ሐኪም ጋራን አዩ። በከዘራቸው ተደግፈው ወጡ።

ከግንቡ ውጪ ያለውን መንገድ ይዘን ዞርን፤ ዳገቱን ጀመርን። ቀላል ማርሽ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እግር ይሮጣል፣ መንገድ ግን አይሄድም። እግሬ መኪና ግርግር ሰፈር እንዳሉት ልብስ ሰፊዎች ፔዳል ትሪሪሪ ይላል፤ ብስክሌቷ ግን በሰው እርምጃ ትጎተታለች። አንዲት እንጨት የተሸከመች እናት ከኋላችን መጥታ ደረሰችብን፣ ሰላም አለችን፣ አልፋን ሄደች።

"እግርህን እያንቀሳቀስክ ነው?" አሉ አው ዩሱፍ።

"እያ...ንቀ...ሳቀስኩ ነው።"

"እኛ ግን ቆመናል።"

"አልቆምንም። ግንቡን... ዞረው ይዩት። ርቋል።"

ዞር አሉ መሰለኝ ብስክሌቷ ተንጋደደች። ወላሂ እላችኋለሁ፣ ማርሹ ውጪ የሆነ ብስክሌት ቢሆን ያን ሁሉ ገረባና አቧራ ጠጥቶ እንዲህ አይሽከረከርም ነበር። ግን ያን ጊዜ ለማመስገን ትንፋሽ አልነበረኝም። ጆሮዬ ውስጥ የራሴ ልብ ብቻ ነው የሚሰማኝ። በየመታጠፊያው ደግሞ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይነዝራል። ላነሳው አልቻልኩም። በነዘረ ቁጥር "አለቀ፣ ሞቱ ማለት ነው" እላለሁ። አው ዩሱፍም ንዝረቱን በቀበቶዬ በኩል ይሰሙታል። ይጨብጡኛል። 

ከዳገቱ ሁሉ የባሰው መጨረሻው ላይ ነው። እዚያ ስንደርስ ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጫት ማሰሪያው ተበጠሰ። ብስክሌቷ ባንድ ጊዜ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ዘለለች፤ ፔዳሉ ግንብ የምገፋ ያህል ሆነብኝ። ቆምን። ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ሁለት እግሬን መሬት ላይ ተከልሁ።

"አይውረዱ አባ፤ ይቀመጡ። እገፋለሁ።"

ተቀመጡ። እንዲህ ሆኖ እኔ ከጎን ሆኜ በአንድ እጄ መሪውን፣ በሌላው መጫኛውን ይዤ ገፋሁ። ማርሽ ውስጥም ይሁን ውጪ፣ ሦስትም ይሁን ሠላሳ፣ ያን ጊዜ ያለኝ ማርሽ የራሴ ጭን ብቻ ነበር። ለጥቂት ጊዜ የሚሰማው የኔ ትንፋሽና የጎማው ድምፅ ነው።

"የተናገረኝን ታውቃለህ?" አሉ አው ዩሱፍ በድንገት።

"ማን?"

"ሙሜ። አንተን ብሎ የመጣ ቀን።"

"አላውቅም።"

"'ልጁ ቀርፋፋ ነው፤ ግን ክፉ አይደለም። ከዚህ የተሻለ እስኪመጣ ብትጠብቅ ልጅህ ታረጃለች' አለኝ።" በከዘራቸው መንገዱን መታ አደረጉ። "ልጄ ታረጃለች አለኝ። በቤቴ፣ ምግቤን እየበላ።"

ስለ ቀርፋፋነቴ ልመልስ ፈለግሁ፤ ትንፋሽ ከየት ይምጣ። ገፋሁ።

"እውነቱን ነበር የተናገረው" አሉ ቀስ ብለው። "ያናደደኝም እሱ ነው። ልሄድና 'አፉ በለኝ' ልለው ስንቴ ጫማዬን አደረግሁ። ጫማዬን አደርግና መልሼ አወልቃለሁ።" ድምፃቸው ተሰበረ። "ቢሞትብኝስ?"

ያን ጊዜ ዞሬ አላየኋቸውም። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲሆን አይታይም። ግፊያዬን ጨመርሁ። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጉልበት ነበር።

የሐጂ ሙሜ ቤት ከሩቅ ታየ።  በሩ ላይ ሰው ሞልቷል። ደጃፉ ላይ ጫማ ተደርድሯል። ሴቶች ያለቅሳሉ።

አው ዩሱፍ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩ። "አቁመኝ" አሉ። ወረዱ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዘራቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ ወደ በሩ ሄዱ። እኔ ብስክሌቷን እንኳ ማቆም አቅቶኝ አቅፌያት ቆምሁ። ደርሰናል ብዬ የዋሸሁት ነገር ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ያቺን ማጥበቂያ ባልጥላት ኖሮ። ማርሹን ባልቀይር ኖሮ።

በር ላይ ያለችው አልቃሽ ሴት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። አው ዩሱፍን አየች። አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

"መቼ አለፈ?" አሏት አው ዩሱፍ።

ሴትዮዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"ሙሜ መቼ አለፈ እላለሁ?"

"ሐጂ ሙሜ... አሉ" አለች።

"አለ? ታዲያ ለማን ነው የምታለቅሱት?"

ሴትዮዋ ዙሪያዋን አየች፤ የሚያድናት ሰው አጣች። "ለ... ለእርስዎ" አለች።

ወሬው ከኤረር በር ተነስቶ ነበር። ከታች ሲነሳ "አው ዩሱፍ ከብስክሌት ወደቁ" ነበር፤ ዳገቱን ሲወጣ "ተጎዱ" ሆነ፤ ሐኪም ጋራ ሲደርስ "ለመታረቅ ሲመጡ መንገድ ላይ ሞቱ" ሆኖ ገባ። ወሬ የምን ማርሽ እንዳለው አላውቅም፤ ብቻ ከኛ በጣም ይቀድማል።

ገባን። ሐጂ ሙሜ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። አንድ እግራቸው ላይ ጫማ አለ፤ ሁለተኛውን ፈቲያ በእጇ ይዛ "አባ፣ ይተኙ፣ አይችሉም!" እያለች ትለምናለች። እሳቸው ደግሞ በዚያ በማይሰማ ድምፃቸው "የዩሱፍን ጀናዛ ሳልሰግድ አልተኛም" ይላሉ።

አው ዩሱፍ በሩ ላይ ቆሙ።

ሐጂ ሙሜ ቀና አሉ። ረጅም ጊዜ አዩአቸው፤ ገረባውን፣ የተፈታውን ጥምጣም።

"ዩሱፍ?"

"አቤት።"

"ሞተሃል አሉኝ።"

"አንተም እየሞትክ ነው አሉኝ።"

"እኔስ እውነቴን ነው" አሉ ሐጂ ሙሜ።

ማንም አልሳቀም። አው ዩሱፍ እንደምንም ጉልበታቸውን አጥፈው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ፤ የጓደኛቸውን እጅ ያዙ።

"አፉ በለኝ፣ ሙሜ።"

"አንተ በለኝ። ያስቀየምኩህ እኔ ነኝ።"

"መጥቼ የጠየቅሁህ እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ አንተ በለኝ።"

"እኔ ታማሚ ነኝ፣ መጀመሪያ አንተ በለኝ።"

"ሙሜ!"

"ዩሱፍ!"

ፈቲያ ጫማውን እንደያዘች እኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት። እዚያው እንደገና ሊጣሉ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ "አፉ ብዬሃለሁ" አሉ፤ ግንባር ለግንባር ተነካኩ፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ቆይተው ሐጂ ሙሜ በአው ዩሱፍ ትከሻ በኩል አሻግረው አዩኝ። "ይኼ ላቡን የሚያንጠባጥበው ማነው?"

"የነጃት ባል ነው" አሉ አማቴ።

"አላወቅሁትም" አሉ ሐጂ ሙሜ። "ወፍሯል።"

ከዚያ ሾርባ መጣላቸው፤ ጥቂት ጠጡ። ፈቲያ ከሱብሒ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልወሰዱም ነበር አለችኝ። ያን ቀን አልሞቱም፤ በማግስቱም አልሞቱም። ሕመሙ የምር ነበር፤ ክረምቱ ሳይወጣ ወሰዳቸው። ግን እስከዚያ ድረስ አማቴ በየሳምንቱ አልጋቸው አጠገብ ነበሩ፤ ሲያልፉም እጃቸውን ይዘው ነበር። ይህን ሁሉ ግን ያን ቅዳሜ አናውቅም።

ያን ቅዳሜ አው ዩሱፍ "ለነጃት ንገራት፣ ዛሬ እዚህ አድራለሁ" አሉኝ። ብቻዬን ተመለስሁ። ለመንዳት አልደፈርኩም፤ ብስክሌቷን እየገፋሁ ቁልቁል ወረድሁ። በየመታጠፊያው ሰው ያስቆመኛል። "አላህ ይዘንላቸው፣ ደግ ሰው ነበሩ" ይለኛል። "አልሞቱም" እላለሁ። "አዎ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይሞትም" ይለኛል። ሌላዋ "በምን ሞቱ?" አለችኝ፤ "አልሞቱም" አልኳት፤ "ድንጋጤው ነው፤ ውኃ ስጡት" አለች። ኤረር በር ስደርስ ማስረዳት ደክሞኝ "አሚን፣ አሚን" ማለት ጀምሬ ነበር። ሳምቡሳዋ ሴት ሁለት ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ እያለቀሰችም ነበር። በላሁት። ምን ላድርግ፣ ቁርስ አልበላሁም።

ቤት ስደርስ ጎረቤቶች ደጃፉ ላይ ወንበር እየደረደሩ ነው። ነጃት ፈቲያ ደውላላት እውነቱን ታውቃለች፤ ግን ሰሚ አላገኘችም። አንዷ አሮጊት ጎረቤታችን "ሰውዬውን ካላየሁ አላምንም" ብላ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች።

ነጃት ወደ ውስጥ ሳበችኝና በሩን ዘጋችው። ውኃ አመጣች፤ እጄን አስታጠበችኝ። ጥቁር ቅባትና ደም ወረደ፤ ደሙ የኔ መሆኑን ያኔ ነው ያየሁት።

"ፈቲያ ነግራኛለች" አለችኝ። "ግን ካንተ ልስማው። አፉ ተባባሉ?"

"ተባባሉ።"

"አይተሃል? በዓይንህ?"

"በዓይኔ። ማን ይቅደም ብለው ሊጣሉ ነበር።"

ጠዋት ሙሉ ያላለቀሰችው ሴት ማሰሮውን አስቀምጣ አለቀሰች። ረጅም ለቅሶ ነው፤ ከሰርጋችን ጀምሮ የተጠራቀመ። ደጅ ያሉት ጎረቤቶች ሰሟት፤ አሮጊቷ "አላልኳችሁም!" አለች፤ ተከትለው ሁሉም አለቀሱ። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ሁለት ለቅሶ እሰማለሁ፤ አንዱ የደስታ፣ አንዱ የስህተት።

ነጃት በመጨረሻ ፊቷን ጠረገች። ተንፍሳ ተነሳች። አጠገቤ መጥታ ቆመች።

"ነገስ" አለችኝ፤ "አባቴን ማነው የሚያመጣልኝ?"

ወጥቼ ብስክሌቷ አጠገብ ተንበረከክሁ። ከሚያለቅሱት ጎረቤቶች ጠንካራ ገመድ ለመንሁ።